ሥራና ንባብ በአንድ ጣሪያ ሥር
የአይስላንድ የቤት ውስጥ ትምህርት ታሪክ (1741 – 1936)

መግቢያ

ልጅን ማስተማር የመንግሥትና የትምህርት ቤት ተግባር ነው መባል ከጀመረ፣ በዓለም ታሪክ ሲመዘን ብዙ ዘመን አልሆነም። ከዚያ በፊት በነበሩት ረጅም ዘመናት የአብዛኛው ሕዝብ ልጆች ዕውቀት የቀሰሙት በቤታቸው፣ ከወላጆቻቸውና ከዘመዶቻቸው ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ቤት ውስጥ ትምህርት በተነሣ ቍጥር አብሮ የሚነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከማለዳ እስከ ማታ በሥራ የተጠመደ ወላጅ በየትኛው ጊዜውና በየትኛው ጉልበቱ ልጁን ሊያስተምር ይችላል? የሚለው ነው። በ2020 በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ይህ ጥያቄ በሚሊዮን ለሚቈጠሩ ቤተሰቦች የዕለት ተዕለት ጭንቀት ሆኖ ነበር።

ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። አይስላንድ የተባለችው አገር ከ18ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል የልጆችን ንባብ ለትምህርት ቤት ሳይሆን ዕረፍት ለሌላቸው ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች አደራ ሰጥታ ኖራለች። ይህ ጽሑፍ የዚያን የቤት ውስጥ ትምህርት ታሪክ በመከተል፣ በምን ምክንያት እንደ ተሳካ፣ እነማንን ሳይደርስ እንደ ቀረና በመጨረሻም ስለ ምን ቦታውን ለትምህርት ቤት እንደ ለቀቀ ይመረምራል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አገሩና ኑሮው

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ የምትገኝ፣ ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ደሴት ናት። በ1703 እያንዳንዱ ነዋሪ በስሙ በተመዘገበበት የሕዝብ ቈጠራ፣ በደሴቲቱ የሚኖረው ሰው 50,358 ብቻ ነበር። በ1783 የላኪ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ግጦሹን ስለ መረዘና ከብቱን ስለ ፈጀ፣ በተከተለው ረኃብ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ አለቀ። በ1801 የተደረገው ቈጠራም ከ1703ቱ ያነሰ፣ ማለትም 47,000 ያህል ሕዝብ ነው ያገኘው።

ይህ ጥቂት ሕዝብ በከተማ የተሰበሰበ አልነበረም። መንደር እንኳ እምብዛም አይታይም ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየእርሻው ተነጣጥሎ የሚኖር ሲሆን፣ በአንዱ ቤትና በሌላው መካከል ወንዝ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሸፈነው ሜዳና በረዶ ይገኛል። በክረምት የቀኑ ብርሃን ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቈይበት፣ መንገድ ያልተጠረገበት አገር እንደ መሆኑ መጠን፣ ሕፃናትን በየቀኑ በአንድ ቤት ሰብስቦ ማስተማር የማይታሰብ ነበር። ትምህርት ቤት ቢባል በስካልሆልትና በሆላር የሚገኙት፣ ለቅስና የሚታጩ ወጣቶች የሚማሩባቸው ሁለት የላቲን ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

ሥራውም ዕረፍት የሚሰጥ አልነበረም። በበጋ ድርቆሽ ይታጨዳል፣ በጎች ይታለባሉ፣ ልጆች መንጋ ይጠብቃሉ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው የዓሣ ወራት ብዙዎቹ ወንዶች እርሻቸውን ትተው ወደ ደቡቡና ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ይወርዳሉ። ሴቶቹ ከብቱንና ቤቱን ይዘው ይቀራሉ። በክረምቱ ደግሞ የበግ ጠጉር ማበጠር፣ መፍተል፣ መሸመንና ሹራብ መሥራት የቤተሰቡ ሁሉ ግዴታ ነው። እንግዲህ በዚያ አገር ሥራ የሌለው ወላጅ ቀርቶ ሥራ የሌለው ልጅ እንኳ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የ1746ቱ ደንብ

አይስላንድ በዚያ ዘመን በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ትተዳደር ነበር። የስካልሆልት ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ዮን ቶርኬልሶን ሕዝቡ በንባብና በሃይማኖት ትምህርት ወደ ኋላ መቅረቱን ለኮፐንሃገን አመለከተ። ስለዚህም ሉድቪግ ሃርቦ የተባለ ዴንማርካዊ የቤተ ክርስቲያን ሰው ጉዳዩን እንዲመረምር ተላከ። ሃርቦም ከ1741 እስከ 1745 በደሴቲቱ ቈይቶ፣ ቶርኬልሶንን በረዳትነት ይዞ በየአጥቢያው እየተዘዋወረ የሕዝቡን ዕውቀት መዘገበ። ውጤቱም ከሕዝቡ ከፍ ያለው ክፍል ማንበብ እንደማይችል የሚያሳይ ነበር።

መንግሥት በዚህ ጊዜ ሁለት መንገዶች ነበሩት። ያው የዴንማርክ ንጉሥ በ1739 ለኖርዌይ ገጠር ባወጣው ደንብ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አዝዞ ነበር። ቤቶቹ በተራራቁበት ሥፍራም መምህሩ ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወረ እንዲያስተምር ተደርጓል። ለአይስላንድ ግን ይህም እንኳ ከዐቅም በላይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የተመረጠው መንገድ መምህር መቅጠር ሳይሆን ቤቱን ራሱን ትምህርት ቤት ማድረግ ነበር።

በ1746 የወጣው ደንብ ሥራውን ለሁለት ወገኖች አከፋፈለ። አባወራውና እመቤቲቱ በቤታቸው ያሉትን ልጆች፣ የራሳቸውንም ሆነ የሠራተኞቻቸውን፣ ንባብና ትምህርተ ሃይማኖት የማስተማር ኃላፊነት ተጣለባቸው። በቤቱ ማንበብ የሚችል ሰው ከሌለ፣ የሚችል ሠራተኛ እንዲያስገቡ ወይም ልጁን ማንበብ ወደሚቻልበት ቤት እንዲልኩ ታዘዘ። የአጥቢያው ቄስ በበኩሉ ቤቶቹን እየዞረ እንዲጐበኝ፣ እያንዳንዱን ልጅ እንዲፈትንና ውጤቱን በመዝገብ እንዲጽፍ ተወሰነ። ከደንቡ ጀርባ የነበረውም ማስገደጃ ቀላል አልነበረም። የሃይማኖት ትምህርቱን ያልተወጣ ወጣት የእምነት ማጽኛ ሥርዓት አይፈጸምለትም። ይህን ሥርዓት ያልፈጸመ ደግሞ ጋብቻ መፈጸም አይችልም ነበር።

የምሽቱ ሥራና የቤቱ ትምህርት

ደንብ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ጊዜ ማግኘት ግን ሌላ ነው። የአይስላንድ ገበሬ ለትምህርት የሚሆን ጊዜ ያገኘው ሥራውን በመተው ሳይሆን ትምህርቱን በሥራው ውስጥ በማስገባት ነው። የዚህም ሁነኛ መሣሪያ «ክቮልድቫካ» ተብሎ የሚጠራው፣ የምሽት ትጋት ለማለት የሚሆነው ልማድ ነበር።

በክረምት ጀንበር ከጠለቀች በኋላ የቤቱ ሰዎች ሁሉ፣ አባወራው፣ እመቤቲቱ፣ አያቶች፣ ልጆችና ሠራተኞች፣ «ባድስቶፋ» በተባለው የጋራ ክፍል ይሰበሰባሉ። ግድግዳውና ጣሪያው ሣር ባለው አፈር የተሠራው ይህ ክፍል መኝታም፣ መመገቢያም፣ የሥራ ቦታም ነው። እያንዳንዱ በአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ጠጉር ያበጥራል፣ ይፈትላል፣ ወይም ሹራብ ይሠራል። ለልጆችም እንደ ዕድሜያቸው የተመደበ ሥራ አላቸው። በዚህ መካከል አንድ ሰው ከእጅ ሥራው ነፃ ሆኖ በዓሣ ዘይት ኩራዝ አጠገብ ይቀመጥና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። የሚነበበውም የጥንት አባቶች ታሪክ፣ በዜማ የሚባል የጀግኖች ግጥም፣ ወይም በእጅ የተገለበጠ ሌላ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። የምሽቱ መደምደሚያ የጸሎት ንባብ ሲሆን፣ ለዚህም ከ1718 ጀምሮ በሆላር የታተመው የጳጳሱ የዮን ቪዳሊን የስብከት መጽሐፍ በብዙ ቤቶች ያገለግል ነበር።

ከዚህ ልማድ ውስጥ ለትምህርት ታሪክ ዋና የሆነው ነገር የአንባቢው ቦታ ነው። በዚያ ድኻ አገር ቤተሰቡ በየምሽቱ አንድ ጥንድ እጅ ከሥራ እየቀነሰ ለንባብ ይሰጥ ነበር። ይህ በገንዘብ ያልተከፈለ፣ ነገር ግን በእውነት የተከፈለ የትምህርት ወጪ ነው። ልጅም በደንብ ማንበብ ከቻለ ያንን ቦታ ይወርሳል። ስለዚህ ንባብ ለልጁ ከሥራ ተለይቶ የሚመጣ ሸክም ሳይሆን፣ በቤቱ ሰዎች ፊት የሚያስከብር የሥራ ድርሻ ሆኖ ይታየው ነበር።

ፊደል የማስቈጠሩ ተግባር ግን በአብዛኛው የወደቀው በእናቶችና በአያቶች ላይ ነው። ሴቲቱ ሹራቧን ሳታቋርጥ ልጁን ከጎኗ አስቀምጣ፣ በሹራብ መሥሪያዋ ቀጭን ዘንግ ፊደሉን እያመለከተች ታስቈጥረው ነበር። ወንዶቹ ለዓሣ ወራት ወደ ጠረፍ በሚወርዱበት ጊዜ ደግሞ መምህርም፣ ከብት ጠባቂም፣ የቤት አስተዳዳሪም እርሷው ብቻ ነበረች። የአይስላንድ ሕዝብ ንባብ በተወሳ ቍጥር የቄሶቹ መዝገብ ይጠቀሳል፤ ከመዝገቡ በስተጀርባ ያለው የእነዚህ ሴቶች ድካም ግን ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ ኖሯል።

ለሥራው መቃናት የረዳ ሌላም ምክንያት አለ። ገዢው ንጉሥ ዴንማርካዊ ቢሆንም፣ ልጆቹ ንባብ የሚማሩት በቤታቸው በሚናገሩት በአይስላንድ ቋንቋ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በዚህ ቋንቋ ተተርጕሞ በሆላር የታተመው በ1584 ነው። ከዚያ ወዲህም የጸሎትና የመዝሙር መጻሕፍት በየቤቱ ገብተዋል። ልጁ በመጽሐፉ ላይ የሚያየው ቃል በምሽት ሲነበብ በጆሮው የለመደው ቃል ስለ ሆነ፣ መምህርነት ያልሠለጠነች እናት እንኳ ልታስተምረው ችላለች።

የመዝገቡ ኃይል

ቤቱ ያስተማረውን የሚያረጋግጥ ባይኖር ኖሮ ደንቡ በወረቀት ላይ ይቀር ነበር። ቄሱ በየጊዜው ቤት ለቤት ሲዞር ልጁን በስሙ ጠርቶ ያስነብበዋል፣ ትምህርተ ሃይማኖቱን ይጠይቀዋል፣ ውጤቱንም ይጽፋል። በተከታዩ ጕብኝት ደግሞ የቀድሞውን ጽሑፍ ከአዲሱ ጋር ያመዛዝናል። ልጁ ወደ ኋላ ከቀረ የሚወቀሰው አባወራው ነው።

ይህ ዘዴ በአይስላንድ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በስዊድን የ1686ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ልጆችና የቤት ሠራተኞች ማንበብ እንዲማሩ ያዘዘ ሲሆን፣ ቄሶችም የቤት ፈተና መዝገብ ይይዙ ነበር። በኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኤጊል ዮሃንሶን እነዚህን መዝገቦች መርምረው በ1977 ባሳተሙት ጥናት፣ የስዊድን ሕዝብ ማንበብን የለመደው የ1842ቱ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕግ ከመውጣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት መሆኑን አስረድተዋል።

ከስዊድኑ መዝገብ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ቄሶች መጽሐፍ ማንበብን፣ በቃል መያዝንና የተማሩትን መረዳትን በየዐምዱ ለይተው ይመዘግቡ ነበር። ልጅ ደጋግሞ የሰማውን ጽሑፍ ፊደሉን ሳያውቅ በቃሉ ሊወጣው እንደሚችል ያውቁ ነበርና። በቃል መያዝ ከማንበብ፣ ማንበብም ከመረዳት የተለየ መሆኑ፣ የዘመናዊ ፈተና ሳይንስ ከመምጣቱ በፊት በገጠር ቄሶች መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል።

የዚህ ሁሉ ውጤት ሲታይ ታላቅ ነው። ደንቡ ከወጣ ከሃምሳ ዓመታት በኋላ፣ ማለትም በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ አብዛኛው የአይስላንድ ሕዝብ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ማንበብ ይችል ነበር። ይህ የሆነው የላኪው ረኃብ ሕዝቡን በፈጀበት በዚያው ዘመን መሆኑ ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቅ ያደርገዋል።

ሳይዳረሱ የቀሩት

ይሁን እንጂ የቤት ውስጥ ትምህርት ፍጹም ነበር ማለት አይቻልም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ቤት የሚያስተምር ከሆነ ቤት የሌለው ልጅ ምን ይሆናል? የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በአይስላንድ ወላጆቹ የሞቱበት ወይም ቤተሰቡ በድኽነት የተበተነበት ልጅ በወረዳው ወጪ በሌላ ሰው እርሻ እንዲኖር ይደረግ ነበር። ብዙ ጊዜም ልጁ የሚሰጠው በአነስተኛ ክፍያ ለመያዝ ለተስማማው ገበሬ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ሥራ አይጐድልበትም፤ ከጎኑ ተቀምጦ ፊደል የሚያስቈጥረው ሰው ግን ሊጐድልበት ይችላል። ዮን ቶርኬልሶን በ1759 ሲሞት ሀብቱን ለድኾች ልጆች ትምህርት ማውረሱ ይህን ጕድለት በመረዳቱ ነበር። በዚያ ገንዘብ የተቋቋመውም ትምህርት ቤት በ1812 ተዘጋ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ቤቱ በሚገባ ያስተማረው ንባብን ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከምእመን የምትፈልገው እንዲያነብ እንጂ እንዲጽፍ አልነበረም። ቄሱ በመዝገቡ ያልጠየቀውን ነገር ቤቱም አላስተማረም። በተለይ ልጃገረዶች ጽሕፈት ሳይማሩ የሚያድጉበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሒሳብም እንዲሁ ለፍላጎትና ለዕድል የተተወ ነበር።

ሥራው ከቤት በወጣ ጊዜ

በ19ኛው ምዕት ዓመት የአይስላንድ ኑሮ መለወጥ ጀመረ። በጠረፉ የንግድና የዓሣ መንደሮች አደጉ። እርሻና ከብት የሌላቸው፣ ከባሕር በሚያገኙት ብቻ የሚተዳደሩ ቤተሰቦችም በዙ። እነዚህ ወላጆች ከገበሬው የበለጠ ይሠሩ ነበር ለማለት አያስደፍርም። ልዩነቱ የሥራው ብዛት ሳይሆን የሥራው ቦታ ነው። ገበሬው በክረምት ምሽት ከልጁ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ ይሠራ ነበር፤ የዓሣ አጥማጁ ሥራ ግን በባሕር ላይ፣ የሚስቱም ሥራ ብዙ ጊዜ ዓሣው በሚታጠብበትና በሚደርቅበት ጠረፍ ነው። አባትና እናት ሲመለሱ ሥራው አብሯቸው አይመለስም፤ ከሥራው ጋር ተሳስሮ የኖረው የንባብ ሰዓትም እንዲሁ ጠፋ።

ቋሚ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች አስቀድመው የታዩት በእነዚሁ የጠረፍ ሥፍራዎች መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በደቡቡ ጠረፍ በኤይራርባኪ በ1852፣ በሬይኪያቪክ ደግሞ በ1862 ትምህርት ቤት ተከፈተ። በተነጣጠሉት የገጠር እርሻዎች ግን የቤቱ ትምህርት ገና ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል።

ከ1880 እስከ 1936

በ1880 የወጣው ሕግ ልጆች ሁሉ ጽሕፈትና ሒሳብ እንዲማሩ አዘዘ። ቍጥጥሩንም እንደ ቀድሞው ለቄሶች ሰጠ። ትእዛዙ መልካም ቢሆንም፣ ቤቱ ከዚህ ቀደም ያልተጠየቀውን ነገር ተጠየቀ። ራሷ መጻፍ ያልተማረች እናት ልጇን መጻፍ ልታስተምር አትችልም። ስለዚህ በገጠሩ ከእርሻ ወደ እርሻ የሚዞሩ ተዘዋዋሪ መምህራን ቍጥር እየበዛ ሄደ። እነዚህም በአንድ ቤት ጥቂት ሳምንት ቈይተው፣ የጎረቤት ልጆችን ሰብስበው አስተምረው ወደ ሌላው ይሻገሩ ነበር። ኖርዌይ በ18ኛው ምዕት ዓመት የጀመረችው ዘዴ አይስላንድ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል።

በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ጉድሙንዱር ፊንቦጋሶን የተባሉት ምሁር በምክር ቤቱ ድጋፍ የውጭ አገሮችን ትምህርት አጥንተው በ1903 ስለ ሕዝብ ትምህርት መጽሐፍ አሳተሙ። ቀጥለውም የአገራቸውን ትምህርት ሁኔታ መርምረው ለአዲስ ሕግ መሠረት ጣሉ። በ1907 የወጣው ሕግ ከ10 እስከ 14 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ትምህርትን ግዴታና ነፃ አደረገ። በ1908ም የመምህራን ማሠልጠኛ በሬይኪያቪክ ተከፈተ።

ሕጉ ግን የቤቱን ድርሻ በአንድ ጊዜ አልሻረም። ልጅ 10 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ንባብ ማስተማር እንደ ቀድሞው የቤቱ ኃላፊነት ሆኖ ቈየ። ቤት ከማይችለው ጀምሮ ትምህርት ቤት እንዲረከብ ተደረገ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከተሞች እየሰፉ፣ ሥራም ከቤት እየራቀ በመሄዱ፣ በ1936 የወጣው ሕግ የግዴታ ትምህርትን መነሻ ዕድሜ ወደ 7 ዓመት ዝቅ አደረገው። በ1746 በቤት ላይ የተጣለው የንባብ ኃላፊነት ወደ ትምህርት ቤት የተሸጋገረው በዚህ አኳኋን ነው።

ማጠቃለያ

የአይስላንድ ታሪክ የሚያስረዳው፣ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራ ወላጅ ልጁን በቤት ማስተማር እንደሚችል ነው። ነገር ግን የቻለበት ምክንያት ወላጁ ብርቱ ወይም ልጁ ጐበዝ ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም። ሥራውና ልጁ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። የሚጠየቀው ነገር ጥቂትና ግልጽ፣ ቋንቋውም የቤቱ ቋንቋ ነበር። ቤተሰቡ በየምሽቱ አንድ ሰው ከሥራ ነፃ ለማድረግ ፈቃደኛ ነበር። ልጁን በስሙ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቤት ድረስ እየመጣ ውጤቱን ይመዘግብ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ በጐደለበት ሥፍራ ትምህርቱም ጐድሏል። ወላጅ የሌለው ልጅ፣ ጽሕፈት ያልተማረችው ልጃገረድና የጠረፍ ዓሣ አጥማጁ ልጅ የዚህ ምስክሮች ናቸው።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪ የትምህርትን አንድ ክፍል ለቤት ለመተው ሲያስብ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ለማስተማር ፈቃደኞች ናቸው ወይ ብሎ መጠየቁ አይበቃም። የወላጆቹ ሥራ የት ነው የሚሠራው? ከቤቱ ሰው ማን ከሥራ ነፃ ይሆናል? የተማረውን ማን ያረጋግጣል? የሚያስተምረው ቤት የሌለውንስ ልጅ ማን ይረከበዋል? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መምህሩም በበኩሉ፣ ማታ ከሥራ ደክማ የምትገባ እናት የልጇን ደብተር ሳታይ ብትቀር ግዴለሽ ናት ብሎ ከመፍረዱ በፊት፣ የአይስላንዷ እናት ያስተማረችው ሥራዋን በእጇ ይዛ ልጇን ከጎኗ አስቀምጣ እንደ ነበር ቢያስታውስ ፍርዱ ይለዝባል፤ እርዳታውም የት መድረስ እንዳለበት ያውቃል።